ግማሽ መድኃኒት

ዘይቱና ጋሪ ትነዳለች ብሎ ያሰበ ሰው ከሚሴ ውስጥ አልነበረም፤ እሷም ራሷ አላሰበችም። ጋሪው የባሏ የሲራጅ ነበር፤ ፈረሱም የሱ። ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ በሊጥ ጣት የተነካ የመሰለ ነጭ ምልክት አለውና። ሲራጅ ከሰንበቴ ገበያ ሲገዛው ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ነበር። ቦርከና ወንዝ ወስዶ አጠበው፣ ጋማውን አበጠረው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስሮ እንደ ሙሽራ ወደ ግቢ አስገባው። ጎረቤቶች "ዘይቱና፣ ጣውንት መጣብሽ!" ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ያን ጊዜ ለመሳቅ ብዙ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ክረምት፣ ሲራጅ የጫነውን ሲሚንቶ ሲያወርድ ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠና ዳሌውን ሰበረው። ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። ምርኩዝ ይዞ ከአልጋው እስከ በሩ ይሄዳል። ከበሩ አያልፍም። አቅቶት አይደለም፤ በምርኩዝ ሰው ፊት መቆም ከበደው። ልጃቸው ነኢማ ሰንበቴ ተድራለች፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፈረሱ ቆሞ ይበላል፣ ሰውየው ተቀምጦ ይበላል፣ የሚያስገባ የለም። ዘይቱና የቀን ሥራ ሞከረች፣ እንጨት መሸጥም ሞከረች። አንድ ጧት ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ልጓሙን ያዘች።

አስፋልቱ ዳር ያለው የጋሪ ፌርማታ ወንዶች ብቻ የሚውሉበት ነበር። በዚያ ጧት ስትደርስ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ዓብዱ የሚባለው ባለጋሪ ነው።

"እናንተ ባለጋሪዎች፣ መንገድ ልቀቁ! ሾፌሯ መጣች!" አለ ጅራፉን ከፍ አድርጎ። "እትየ ዘይቱና፣ መንጃ ፈቃድ ይዘሻል?"

"መንጃ ፈቃዴ ቦራ ነው" አለችው። "አንተን ግን አይጭንህም። ገላህ ሳይሆን ምላስህ ይከብደዋል።"

ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። ዓብዱም እየሳቀ መጣና፣ እሷ አላልታ ያሰረችውን የደረት ማሰሪያ አጠበቀላት። እንዲህ ነው ዓብዱ፤ አፉ ይቀድማል፣ እጁ ይከተላል። ጎረቤቷ ነው። ግቢያቸውን የሚለያየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ከእናቱ ከእማ ፋጡሜ ጋር ይኖራል፤ ጉራች የሚባል ጥቁር ፈረስ አለው።

ዘይቱና የተማረችው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። እናቷ ስትሞት ከሥሯ አራት ታናናሾች ነበሩና ትምህርት ቤቱን ተወችው፤ ተመልሳም አልሄደች። ከዚያ ወዲህ የቀራት ሒሳብ ማካፈል ነው። አንዱን ዳቦ ለአምስት፣ አንዱን ነጠላ ለሁለት። የተቀቀለ እንቁላል በክር ስትሰነጥቅ፣ የኔ አነሰ ብሎ ያለቀሰ ወንድም አልነበራትም። አግብታም፣ ወልዳም፣ ሰው ቤቷ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኗ የሚሠራው ይኼንኑ ነው፤ ያለውን ያያል፣ ለስንት እንደሚሆን ይመትራል። ለራሷ ያስቀረችው ነገር ኖሮ እንደሆነ አታስታውስም። አልከፋትምም። ሰው የለመደው አይከፋውም።

ቦራ መክሳት የጀመረው በጋው ሲገባ ነው። ይበላል፤ የሚበላው የት እንደሚገባ ግን አይታወቅም። የጎድን አጥንቱ ወጥቶ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ፀጉሩ ብርድ እንደመታው ሰው ቆመ። ጭራውን ግድግዳ ላይ እያሸ ሥሩን መለጠው። ወደ መናኸሪያው የምትወስደው ትንሽ ዳገት ላይ ሲደርስ ቆሞ ያለከልካል። ዘይቱና ያን ጊዜ ከጋሪው ትወርድና ልጓሙን ይዛ ከጎኑ ትሄዳለች።

"እትየ፣ ልንሳፈር ነው የመጣነው ወይስ ልንሸኘው?" አላት አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት የመጣ መንገደኛ።

"መሸኘቱንስ ለጠላትህ ያድርገው" አለችና ዳገቱን እስኪጨርስ ፊቷን አላዞረችለትም።

ዓይን በልቶት ይሆናል ብላ ቁርኣን አስቀራችበት። ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ የዱዓ እናቶች፣ ሲሰበሰቡ ስሙን ጠርታ ዱዓ አስደረገችለት፤ "ለፈረስም ይደረጋል ወይ?" ብለው ሲስቁ "ቤቴን የያዘው እሱ ነው" አለቻቸው። ምግብም ጨመረችለት። ጧት ጧት ፀሐይ ሳትከር ቦርከና ዳር ወርዳ ለምለሙን ሣር ታጭድና፣ በጀርባዋ አዝላ መጥታ በረቱ ውስጥ ወለሉ ላይ ትበትነዋለች፤ ምንጣፍ እስኪመስል። የደረቀውን ፋንድያም አትጥለውም። እግሩን ድንጋይ እንዳይጎዳው ፈርፍራ ከሥሩ ታነጥፍለታለች፤ ሣሩ ከላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምቾት ያለው ፈረስ በሰፈሩ አልነበረም። እንዲህ የከሳም አልነበረም።

ማታ ወደ ቤት ስትገባ ሲራጅ ከአልጋው ሆኖ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

"በላ?"

"በላ።"

ባይበላም በላ ትለዋለች። ሲራጅ ይኼን ያውቅ ይሆናል። ግን መልሱን ሳይሰማ አይተኛም።

ከሚሴ ውስጥ ጉልበቱ ያለቀ ፈረስ አይሸጥም፤ ማን ይገዛዋል? አይታረድም። ይለቀቃል። ባለቤቱ ልጓሙን ፈትቶ፣ ከከተማው ወጣ አድርጎ፣ ቦርከና ዳር ይተወውና ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ፈረሱ ግን ትንሽ ይከተለዋል። ቀሪው የጅብ ነው። በፌርማታው ይህን ሲያወሩት "ገደለው" አይሉም፤ "ቦርከና ወረደ" ይላሉ፤ ዘመድ ጥየቃ እንደሄደ።

"ቦራ ቦርከና መውረጃው ደርሷል" አለ አንድ ቀን አንዱ ባለጋሪ። ዓብዱ እንኳ አልሳቀም።

በዚያን ዕለት ሲራጅ ሳትነግረው ሰምቶ ኖሯል። እራቱን ካነሳችለት በኋላ፣ "የነኢማ እናት" አላት። "ከደከመ ልቀቂው። የማይሠራ ነገር እስከ መቼ ይቀለባል?"

ይህን ሲል የሚያየው ፈረሱ ያለበትን በረት አልነበረም። የራሱን እግር ነበር።

ዘይቱና ሳህኑን ይዛ ቆመች። "ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር?" አለችና ወጣች። በረቱ ገብታ ግንባሯን ከቦራ አንገት ላይ አስደገፈች። ይህን ፈረስ ከለቀቀችው፣ ያ አልጋ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ጧት ተነስቶ አይቀመጥም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ታውቀዋለች። ቦራ መዳን አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

በማግስቱ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ጀማለዲን ይባላል። ከተመረቀ ብዙም ያልቆየ፣ በአቧራ የተሸፈነ ሞተር ሳይክል የሚነዳ፣ ሰው ሁሉ ዶክተር የሚለው ወጣት ነው። የቦራን ከንፈር ገልብጦ ድዱን አየ፤ ነጭ ነው። የዓይኑን ቆብ ገለጠ፤ ነጭ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፋንድያውን በእንጨት ገላለጠው።

"እዪ እትየ። ይኼ ነጩ፣ ማካሮኒ የመሰለው። ወስፋት ነው።"

"ያ ረቢ! ይኼ እሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው?"

"ተከራይተው ነው። ኪራይ ግን አይከፍሉም፤ የሚበላውን ሁሉ እነሱ ናቸው የሚበሉት። ይኼ የወጣው ነው፤ ውስጥ ያለው ይብሳል።" ከቦርሳው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ የመሰለ ቱቦ አወጣ፤ ውስጡ ሊጥ የመሰለ መድኃኒት አለ። "ይኼ የቦራ ነው። ምላሱ ላይ አስገብተሽ ግፊው፤ እንዳይተፋው አገጩን ቀና አድርገሽ ያዢ።"

ሌላ ሊል ነበር፤ ግን አንድ ገበሬ ላሜ ልትወልድ ተቸግራለች እያለ እየሮጠ መጣና ጀማለዲን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ዘይቱና ቱቦውን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ስትመለስ እማ ፋጡሜ በራቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ።

"ዘይቱና፣ አካም ኦልቴ? ፈርዲ ኬ አካም ጂራ? ፈረስሽ እንዴት ሆነ?"

"አልሀምዱሊላህ እማ። መድኃኒት አገኘሁለት።"

"እሰይ፣ እሰይ።" እጃቸው ማሽላው ላይ ቆመ። "ጉራችም ሆዱ ተነፍቷል እኮ። ዓብዱ ቀልዱን ያውቃል እንጂ የፈረሱን ሆድ አያይም። እኔ ነኝ የማየው።"

አልለመኑም። እማ ፋጡሜ አይለምኑም። ሲራጅ ደሴ ተኝቶ በከረመበት ጊዜ ግን ከእሳቸው ቤት የወጣ አንድ ድስት ሁልጊዜ ለሁለት ቤት ይሆን ነበር። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይሉና ግማሹን በአጥሩ ላይ ያሻግሩላታል።

ዘይቱና ቱቦውን አየችው። ጎኑ ላይ ትናንሽ መስመሮች አሉ። የተጻፈው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፤ አታነበውም። መስመር መቁጠር ግን ታውቃለች። ሐኪሙ የቦራ ነው አላለም? የቦራ ከሆነ የሷ ነው፤ የሷ ከሆነ ደግሞ ይካፈላል። እንቁላሉን በክር እንደምትሰነጥቀው አድርጋ፣ ልክ መሀሉ ላይ ስትደርስ አቆመች። ግማሹ ለቦራ፣ ግማሹ ለጉራች። አንዲት ጠብታ ወዲህም ወዲያም አላደላችም።

"አላህ እጅሽን ያለምልመው" አሉ እማ ፋጡሜ።

እውነትም ሁለቱም ፈረሶች ተሻላቸው። ፋንድያቸው ውስጥ ነጭ ነጩ ወረደ፤ ቦራ ዳገቷን ሳይቆም ወጣ። ሲራጅ "በላ?" ሲላት ያለ ውሸት "በላ" ያለችባቸው ማታዎች ነበሩ። ጥቂት ሳምንታት። ከዚያ ፀጉሩ መልሶ ቆመ። ሆዱ መልሶ ተነፋ። ጉራችም እንዲሁ። አንድ ቀን ቦራ በጠራራ ፀሐይ መስጊዱ ፊት ለፊት በጉልበቱ ወደቀ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው፣ ሰው ተረባርቦ አነሳው። ዘይቱና ከጋሪው ፈታችውና ጋሪውን ለዓብዱ ትታ፣ ቀስ እያለች ወደ ከብት ሐኪሙ ወሰደችው።

ጀማለዲን ድዱን አየና ፊቱ ተለወጠ። "ያን ቱቦ ሙሉውን ሰጠሽው?"

"ግማሹን። ግማሹን ለጎረቤቴ ፈረስ። እሱም አሞት ነበር።"

ጀማለዲን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ሳቅም ንዴትም ፊቱ ላይ ታየና ሁለቱም ጠፋ።

"እትየ ዘይቱና፣ እባብ ቤትሽ ቢገባና አንዴ በዱላ መተሽ ብትተዪው ምን ይሆናል?"

"ተናዶ ይጠብቀኛል።"

"ይኼም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ በፈረሱ ክብደት ነው የሚሰጠው፤ አንዱ ቱቦ ለአንድ ፈረስ። ግማሹ ደካማውን ትል ይገድላል፣ ጠንካራውን ያስተምረዋል። እኔም ቸኩዬ ሳልነግርሽ ሄድኩ፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሣሩን የት ነው የምትሰጪው?"

"በረቱ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ። ከሥሩ ፋንድያ አነጥፍለታለሁ፣ እግሩን እንዳይጎዳው..."

"የትሉ እንቁላል በፋንድያው ይወጣል" አለ ጀማለዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሣሩ ላይ ይጣበቃል። መልሶ ይበላዋል።"

ማካፈሏ ጎዳው። ማንጠፏም ጎዳው። ከእጇ ለዚህ ፈረስ ሁለት ደግ ነገር ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱም እንዲህ ሆኑ። ዘይቱና የቦራ ጋማ ላይ የተጣበቀውን ገለባ መልቀም ጀመረች።

"አብሽሪ እትየ" አላት። "የቀረኝ ግን አንድ ቱቦ ነው። ሌላ ከደሴ ጠይቄያለሁ፤ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ይኼ ለአንድ ፈረስ ነው። ለሁለት ከሆነ ለማንም አይሆንም። ቦራ የባሰበት ነው፤ ሌላውን ሳምንት የሚያይ አይመስለኝም። ጉራች ጥቂት ይቆያል፤ ሥራ ካልበዛበት።"

ቱቦውን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ቀላል ነበር። ከዚያ እስከ ቤቷ የተሸከመችው ግን ከሲሚንቶ ይከብድ ነበር።

እማ ፋጡሜ ከሩቅ አይተዋት ኖሯል። ስትደርስ ጉራችን በገመድ ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ እንዳትደክም ብለው፣ አዘጋጅተውላት።

"መጣሽ ልጄ? ይኸው አውጥቼልሻለሁ።"

ዘይቱና ቆመች። በሕይወቷ ለሰው አልሰጥም ብላ አታውቅም።

"እማ... የዛሬው አይካፈልም።"

"ምን አልሽ?"

"ግማሹ አያድንም አለኝ ሐኪሙ። ያኔም የጎዳቸው ማካፈሌ ነው። ለአንዱ ነው የሚበቃው። ለጉራች ከደሴ ይመጣል..."

"ከደሴ" አሉ እማ ፋጡሜ። ቦራን አዩት፤ ጉራችን አዩት። "ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ይሁን ልጄ።" ጉራችን አዙረው ቀስ እያሉ ወደ ግቢያቸው አስገቡትና በሩን ገጠሙት። ዘይቱና ቢራገሟት ይሻላት ነበር።

በረቱ ውስጥ የቦራን አገጭ ቀና አደረገች። መሀሉ መስመር ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ በልማዱ ቆመ። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ገፋችው።

በማግስቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቦራ በፊት እግሩ መሬት ይቆፍር ጀመር። ዞር ብሎ ሆዱን ያያል፣ ያልበዋል፣ ሊተኛ ጉልበቱን ያጥፋል። ዘይቱና ልጓሙን ያዘችና ምን እንደምታደርግ ጨነቃት።

"አታስተኚው!" የሚል ጩኸት ከቤት መጣ። ሲራጅ በሩ ላይ ቆሟል። "ትሎቹ ሞተው ተከምረውበት ነው! ከተንከባለለ አንጀቱ ይጠማዘዛል! አዙሪው፣ ዝም ብለሽ አዙሪው!"

አዞረችው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከበረቱ እስከ ቁልቋሉ፣ ከቁልቋሉ እስከ በረቱ። ቦራ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ትጎትተዋለች። ትለምነዋለች። "ና የኔ ሸጋ፣ ና አንድ ጊዜ፣ ስለ አላህ ብለህ ና።" ጉልበቷ አለቀ። ፈረሱ ጎኑን ሊጥል ሲያዘም እሷም አብራ ልትወድቅ ነበር።

አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ዓብዱ በቁልቋሉ መሀል፣ እሾሁ ሸሚዙን እየቀደደው፣ ዘሎ ገባ።

"ስጪኝ" አለና ልጓሙን ከእጇ ወሰደ። "አንቺ ፈረስ ነጂ ነሽ እንጂ ፈረስ አይደለሽም። ተቀመጪ።"

"ዓብዱ፣ ትላንት እኔ እናትህን..."

"ትላንት ሌላ ቀን ነው። እንዲያውም ውለታ ውለሽልኛል፤ እናቴ ከትላንት ጀምሮ ዝም ብላለች። እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም።"

ዘይቱና እየሳቀች አለቀሰች። ዓብዱ ሲደክም እሷ፣ እሷ ስትደክም ዓብዱ፣ ፈረሱን ሲያዞሩ ዋሉ። አሰር ሊሰገድ ሲል ቦራ መሀል ግቢ ላይ ቆመና አልንቀሳቀስም አለ። ጅራፍ አልሠራም፣ ልመና አልሠራም። ጉልበቱ ታጠፈ።

ያን ጊዜ ነው ሲራጅ ከበሩ ያለፈው። ምርኩዙን አስቀድሞ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ከዚያ ግድግዳው ሲያልቅ ባዶው ላይ ወጣ። ማንም ሊደግፈው አልደፈረም። ቦራ አጠገብ ደርሶ ያን ነጩን ግንባር በመዳፉ ነካ።

"ቦራ" አለው። "እኔ ነኝ። ተነስ እንሂድ።"

የፈረሱ ጆሮ ቀና አለ። ይህን ድምፅ በዚህ ቅርበት ከሰማ ብዙ ጊዜው ነው። ጉልበቱን ዘረጋ። ሲራጅ አንዲት እርምጃ ሄደ፤ ቦራም አንዲት። ሰውየውም ያነክሳል፣ ፈረሱም ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ቁልቋሉ ሄዱ። ሳይመለሱ ቦራ ጭራውን አነሳ።

የወረደው ነገር እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ነበር። ነጭ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

"ሱብሓነላህ!" አለ ዓብዱ። "እነዚህማ መታወቂያ አውጥተው ነበር የሚኖሩት! ቀበሌ ሳይመዘግባቸው ይቀራል?"

ሲራጅ ሳቀ። ዘይቱና የባሏን ሳቅ ከሰማች ምን ያህል እንደቆየች ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

እማ ፋጡሜ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ማንም አላየም።

"ይኼ ሁሉ ጉራች ሆድ ውስጥም አለ?" አሉ።

"አለ እማ።"

"በግማሹ የማይወጣው ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው።"

አሮጊቷ መሬቱን እያዩ አሰቡ። "እንግዲህ መድኃኒት እንደ እንጀራ አይደለማ" አሉ ለራሳቸው። "አላወቅሁም ልጄ።"

"እኔም አላወቅሁም" አለች ዘይቱና። ወደ አጥሩ ቀረበች። ይህን ከትላንት ጀምራ ስታሰላስለው ነበር። "እማ፣ የጨፋ ገበሬ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች እንዴት ነው የሚያርሱት?"

"በመቀናጆ ነዋ። ያንተን አምጣ፣ የኔን ላምጣ ብለው።"

"ቦራ ሲያገግም እኛም እንደዚያው ነን። አንድ ቀን የኔን ጋሪ ይጎትታል፣ በማግስቱ ደግሞ የዓብዱን። ጉራች መድኃኒቱ እስኪመጣ ይረፍ። ሐኪሙ ሥራ ካልበዛበት ይቆያል ብሏል።"

"ያ አላህ!" አሉ እማ ፋጡሜ ወደ ልጃቸው ዞረው። "መድኃኒቱን ከልክላ ፈረሱን ትሰጠናለች!"

"እናቴ መናገር ጀመረች" አለ ዓብዱ። "ዕረፍቴ አለቀ።"

ቦራ እስኪያገግም ሁለቱም ቤት እጅ አጠረው። እማ ፋጡሜ ድስታቸውን መልሰው በአጥሩ ላይ ያሻግሩ ጀመር፤ ውስጡ ያለው አንዳንዴ ንፍሮ ብቻ ነበር። ዘይቱና የበረቱን ፋንድያ ዝቃ አወጣች። ሣሩን ግን የት ላድርገው ስትል ሲራጅ፣ "የተበላ የአይሱዙ ጎማ ፈልጊልኝ" አላት። ዓብዱ ከጎሚስታ ለምኖ አመጣ። ሲራጅ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቢላውን እየሳለ፣ ቀኑን ሙሉ ጎማውን ሲታገል ዋለ። ጠርዙን ቆርጦ ገለበጠው፤ እንደ ትልቅ ገበታ ሆነ። በገመድ ከሁለት ምሰሶ ላይ፣ ከፈረሱ ደረት ትይዩ አንጠለጠለው። ቦራ መጀመሪያ አሸተተው፤ ጎማ ይሸታል። ከዚያ አፉን ከተተ።

ሁለተኛውን ለጉራች ሠራ። እማ ፋጡሜ ግቢ ውስጥ ለመስቀል በአጥሩ አይዘልም፤ በመንገዱ ዞሮ መሄድ ነበረበት። ሄደ። ሰው አየው። "አያ ሲራጅ! አሰላሙ አለይኩም!" እያሉ እጁን ሲጨብጡት ምርኩዙን ያየ የለም፤ ወይም ያየው ምንም አላለም። ከፌርማታው ሰዎች አንዱ "ለኔም አድርግልኝ" አለው፤ ከዚያ ሌላው።

የጉራች መድኃኒት የመጣው ቦራ ለሁለት ቤት መሥራት ጀምሮ ከሰነበተ በኋላ ነው። እማ ፋጡሜ ቱቦውን ለማንም አልሰጥም አሉ። ዓብዱ አገጩን ይዞ፣ እሳቸው በሁለት አውራ ጣታቸው ገፉ። አለቀ ሲሏቸውም አላመኑም፤ ቱቦውን ለፀሐይ ይዘው አዩት። "ጠብታ አልቀረችም?" አሉ። "አልቀረችም እማ።" "እንግዲያው ትሎቹ ይሂዱ ከቤታችን።"

ባጃጅ ከሚሴ መግባት ጀምሯል። ዘይቱና ሰማያዊዎቹን በአስፋልቱ ላይ ሲንጫጩ ታያለች፤ አንድ ቀን ጋሪ እንደሚቀርም ታውቃለች። ብዙ አትጨነቅም። የሚመጣው ይመጣል፤ ቦራም ያረጃል፣ እሷም። ቦርከና ግን አይወርድም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሲራጅም አልጠየቃትም።

አንድ ቀን፣ ጉራች ገና እያገገመ ሳለ፣ ቦራን ለዓብዱ የምትሰጥበት ተራ ነበርና፣ እሷ ነኢማን ልትጠይቅ ሰንበቴ ደርሳ ማታ መጣች። ወደ ግቢ ስትገባ አልጋው ባዶ ነው፤ ምርኩዙም የለም። በረቱ ውስጥ የሣር መታኘክ ድምፅ ይሰማል። ዕቃዋን ሳታወርድ ደጅ ላይ ቆማ፣

"በላ?" አለች።

"እየበላ ነው" አለ ሲራጅ ከውስጥ። "ነይ እዪው።"